ባለአንድ ንጣፍ ማግኔት፦ የኪዩሪ ሙቀቱ ለምን እጥፍ ወጣ? ደብረ ብርሃን ላይስ ምን መለካት ይቻላል?

በሬሳ ማዶ

ጤና ይስጥልን። ደብረ ብርሃን ላይ ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናት የባለአንድ ንጣፍ ክሮሚየም ትራይአዮዳይድን ማግኔትነት በኮምፒውተር እያሰላን ነው። ሁለት ተማሪዎች ነን፤ ያለን ሁለት ላፕቶፕ ነው፣ እያንዳንዱ 8 ኮርና 16 ጊጋ ራም አለው። በኳንተም ኤስፕሬሶ ፕሮግራም የፌሮማግኔቱንና (የአቶሞቹ ጥቃቅን ማግኔቶች፣ ስፒኖቹ፣ በአንድ አቅጣጫ ሲሆኑ) የአንቲፌሮማግኔቱን (ጎረቤቶቹ በተቃራኒ ሲሆኑ) ኢነርጂ አስልተን ልዩነቱ በአንድ ዩኒት ሴል (2 ክሮሚየም፣ 6 አዮዲን) 29.7 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት ሆነ። ከዚያ የልውውጥ መጠኑን፣ ማለትም ጎረቤት ስፒኖች የሚያያዙበትን ጥንካሬ፣ ጄን፣ 2.2 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት አገኘን። በአማካይ መስክ ቀመር የኪዩሪ ሙቀቱን (ከዚያ በላይ ማግኔትነቱ የሚጠፋበትን) ስናወጣ ግን 191 ኬልቪን ሰጠን። በ2017 በሙከራ የተለካው 45 ኬልቪን ነው። ይህን ያህል ልዩነት ከየት መጣ?

ሁለተኛው ግራ ያጋባን ነገር፦ አኒሶትሮፒ (ስፒኑ አንድን አቅጣጫ የሚመርጥበትን ኢነርጂ) ሳናስገባ 24 በ24 ላቲስ ላይ በዘፈቀደ ቁጥር የሚሠራውን የሞንቴ ካርሎ ስሌት ስናሄድ የሰሴፕቲቢሊቲው (ለማግኔት መስክ ያለው ምላሽ) ጫፍ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የ1966ቱ የሜርሚንና የዋግነር ቴዎረም ደግሞ እንዲህ ዓይነት ሥርዓት በሁለት አውታር ሊኖር አይችልም ይላል። የትኛውን እንመን?

በመጨረሻም ፈሳሽ ሂሊየም በሌለበት ቦታ ከዚህ ዘርፍ አንድ እንኳ በእጅ የሚለካ ነገር ይኖር ይሆን? ፈታኞቹ «ጥቅሙስ?» ማለታቸው ስለማይቀር እሱንም ብትጨምሩልን ደስ ይለናል። መብራት ቶሎ ቶሎ ስለሚሄድ ረጅም ስሌት እንዴት እንደሚያዝም የምታውቁ ንገሩን።

አንኮበር ዳገት

ሰላም በሬሳ ማዶ። 191ን የወለደው የጥንድ አቆጣጠር ነው። ሃሚልቶኒያኑ፣ የኢነርጂው ቀመር፣ ሁለት አጻጻፍ አለው፤ አንዱ እያንዳንዱን የጎረቤት ጥንድ አንዴ ቆጥሮ በጄ ያባዛል፣ ሌላው በ2ጄ። የእናንተ ጄ የወጣው በመጀመሪያው ነው፦ የማር እንጀራ ቅርጽ ባለው ላቲስ ላይ በአንድ ሴል 3 የቅርብ ጥንዶች አሉ፣ ስለዚህ የሁለቱ ሁኔታዎች ልዩነት 6 × ጄ × ኤስ² ነው። የክሮሚየም ስፒን 3/2 ስለሆነ ካሬው 2.25፤ 29.7ን ለ13.5 ስታካፍሉ 2.2። እስከዚህ ልክ ነው። የኪዩሪ ሙቀት ቀመሩ ግን በ2ጄ ከተጻፈ መጽሐፍ የተወሰደ ይመስላል፤ እዚያ መነሻው ሁለት ሦስተኛ ነው፣ በእናንተ አጻጻፍ አንድ ሦስተኛ መሆን አለበት። 3 ጎረቤት × 2.2 × ኤስ(ኤስ+1) ማለትም 3.75፣ ለ3 ሲካፈል 8.25 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት። አንዱ ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት 11.6 ኬልቪን ስለሆነ 96 ኬልቪን ገደማ ይወጣል። ከ191 በትክክል ግማሹ።

96ም ቢሆን ከ45 በእጥፍ ይበልጣል፤ ይህኛው ግን የአቆጣጠር ጉዳይ ሳይሆን ፊዚክሱ ራሱ ነው። የአማካይ መስክ ዘዴ እያንዳንዱ ስፒን የጎረቤቶቹን አማካይ ብቻ እንደሚያይ ይወስዳል። በአንድ ንጣፍ ላይ ደግሞ ጎረቤቱ 3 ብቻ ነው፤ ሙቀት የሚያነሳው የስፒን ማዕበል ሥርዓቱን በቀላሉ ያፈርሰዋል። ስፒኑ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ መሆን ይችላል ብላችሁ ፍጹም አይዚንግ ብታደርጉት ለዚህ ላቲስ ትክክለኛ መፍትሔ አለ፦ 1.519 × ጄ × ኤስ²፣ በእናንተ ቁጥር 87 ኬልቪን። በሌላው ጫፍ ስፒኑ ወደ ፈለገበት አቅጣጫ እኩል መዞር ከቻለ መልሱ ዜሮ ነው። እውነተኛው ቁስ በ0 እና በ87 መካከል የት እንደሚቀመጥ የሚወስነው አኒሶትሮፒው ነው። ጥናታችሁ ላይ ከሁሉ በላይ ጊዜ የሚገባው ቁጥርም እሱ ነው፤ ጄ ቀላሉ ክፍል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። አኒሶትሮፒው ትንሽ ነው፤ ለዚህ ቁስ የስፒን ማዕበሉ የመነሻ ክፍተት ግማሽ ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት አይሞላም ተብሎ በ2017 ተሰልቷል፣ በኬልቪን 5 ገደማ ማለት ነው። ታዲያ 5 ኬልቪን እንዴት 45 ኬልቪን ድረስ ሥርዓት ያቆማል? የኪዩሪ ሙቀቱ በክፍተቱ ልክ አያድግም፤ በጄ ልክ ያድግና የጄና የክፍተቱ ንጽጽር ሎጋሪዝም ያካፍለዋል። ስለዚህ ጥቂት አኒሶትሮፒ ከዜሮ ብድግ ያደርገዋል፣ ከዚያ በኋላ አኒሶትሮፒውን እጥፍ ብታደርጉት እንኳ ሙቀቱ እጥፍ አይሆንም።

ወደ 24 በ24 እንምጣ። ቴዎረሙን እመኑት፣ ላቲሱም አልዋሸም። አኒሶትሮፒ በሌለበት ስፒኖች አብረው የሚያዘነብሉበት ርቀት ሙቀቱ ዝቅ ሲል በኤክስፖኔንሻል ፍጥነት ያድጋል። ርቀቱ 24 ሴል ሲያልፍ ናሙናው ሙሉ በሙሉ የተደራጀ ይመስላል፣ ጫፉም የሚመጣው ከዚያ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው፦ 20፣ 40፣ 80፣ 160 አድርጋችሁ አሂዱ። አኒሶትሮፒ ከሌለ ጫፉ ላቲሱ ባደገ ቁጥር ወደ ዝቅተኛ ሙቀት ይሸሻል። አኒሶትሮፒ ሲገባ ባለበት ይቆማል፣ የቢንደር ኩሙላንት (ከማግኔትነቱ መዋዠቅ የሚሰላ ንጽጽር) የየላቲሱ መስመሮችም አንድ ሙቀት ላይ ይቋረጣሉ፤ የኪዩሪ ሙቀት ብላችሁ የምትጽፉት ያንን መቋረጫ ነው፣ የአንድ ላቲስ ጫፍ አይደለም።

ሲያሂዱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የእርምጃው ዓይነት ነው። አዲሱን ስፒን ከመላው ሉል ላይ በዘፈቀደ ብትመርጡ በዝቅተኛ ሙቀት ላይ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይጣልና ላቲሱ ይደርቃል። ከነበረበት አቅጣጫ ጠበብ ያለ ሾጣጣ ውስጥ ምረጡና ስፋቱን ግማሽ ያህሉ ተቀባይ እስኪሆን አስተካክሉ፤ አልፎ አልፎ ሙሉ ግልበጣ ጨምሩበት። ከከፍተኛ ሙቀት ጀምራችሁ ቀስ በቀስ አቀዝቅዙ። በየሙቀቱ 100,000 ዙር አሂዱና የመጀመሪያውን 20,000 ጣሉ፤ መቋረጫው አካባቢ በ1 ኬልቪን ልዩነት ሂዱ።

የስፒኑን ርዝመት 3/2 ነው የምትወስዱት ወይስ የኤስ(ኤስ+1)ን ሥር? 2.25 እና 3.75 የሚሰጡት መልስ በ1.67 እጥፍ ይለያያል። የመረጣችሁትን በግልጽ ጻፉ። ቫምፓየርን የመሰለ ዝግጁ ፕሮግራም ከተጠቀማችሁ ደግሞ ስፒኑን 1 አድርጎ ስለሚወስድ ኤስ² ጄ ውስጥ መግባት አለበት፦ 4.95 ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት፣ በጁል 7.93×10⁻²²።

የጣርማበር ጉም

አንኮበር ዳገት ስለ ስሌቱ ጥሩ አድርጎ አስረድቷል። እኔ ስለ ግብአቱ ልጨምር።

29.7 የሰጣችሁ በእርግጥ ጄ1 ብቻ አይደለም። በማር እንጀራው ላይ ሦስተኛ ጎረቤቶችም በተቃራኒው ንዑስ ላቲስ ላይ ስለሚቀመጡ የጄ1ና የጄ3 ድምር ነው። ጄ2 ደግሞ በሁለቱም ሁኔታዎች እኩል ስለሆነ ተጣጥቶ ይጠፋል፤ እሱን ለማግኘት ሴሉን እጥፍ አድርጋችሁ ዚግዛግና ስትራይፕ የሚባሉትን አደረጃጀቶች መጨመር ግድ ነው። በ16 ጊጋ ባለ 16 አቶም ኮሊኒየር (ስፒኑ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ የሆነበት) ስሌት ይሠራል።

ሁለቱን ሁኔታዎች በአንድ ዓይነት ቅርጽ ላይ አስሉ፤ ፌሮማግኔቱን አዝናንታችሁ ያንኑ ለአንቲፌሮማግኔቱም ተጠቀሙበት። ሲያልቅ ውጤት ፋይሉ ላይ ጠቅላላ ማግኔትነቱን እዩ። ፌሮማግኔቱ በሴል ልክ 6.00 ቦር ማግኔቶን መስጠት አለበት፣ ምክንያቱም ቁሱ ከፊል አስተላላፊ ነው፤ 5.9 ምናምን ካለ ስሚሪንጉ (ኤሌክትሮኖቹን በኢነርጂ ደረጃዎች ላይ የሚያደበዝዘው ስፋት) በዝቷል። አንቲፌሮማግኔቱ ጠቅላላው 0፣ ፍጹም ዋጋው ግን ከ6 ከፍ ያለ ይሁን። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ስሌቱ ማግኔት ወደሌለበት ሁኔታ ወድቋል፣ ያ ኢነርጂ አይጠቅምም። ከንጣፍ እስከ ንጣፍ ያለው ባዶ ቦታ ከ15 አንግስትሮም አይነስ። ሀባርድ ዩን (በአንድ አቶም ላይ ያሉ ኤሌክትሮኖች የሚገፋፉበትን ማስተካከያ) 0፣ 1፣ 2፣ 3 ኤሌክትሮን ቮልት አድርጋችሁ ጄ እንዴት እንደሚለዋወጥ በአንድ ግራፍ አሳዩ፤ ከ45 ጋር የገጠመውን ዩ መርጦ መውሰድ ፈታኝ ፊት አያስኬድም።

አኒሶትሮፒው የስፒን ኦርቢት ስሌት ይፈልጋል፣ ሙሉ ሬላቲቪስቲክ ፕስዩዶፖቴንሻል (የየአቶሙን የውስጥ ኤሌክትሮኖች የሚተካ ፋይል) ጭምር፤ በተለይ ለአዮዲኑ። የዚህ ቁስ አኒሶትሮፒ በዋነኛነት የሚመጣው ከክሮሚየሙ ሳይሆን ከከባዱ አዮዲን ነውና የአዮዲኑን ፋይል ተራ ካደረጋችሁት መልሱ ዜሮ አካባቢ ይሆናል። ስፒኑን አንዴ ከንጣፉ ቀጥ ብሎ፣ አንዴ በንጣፉ ተኝቶ አስሉና ልዩነቱን ውሰዱ። የምትፈልጉት በአንድ ክሮሚየም አንድ ሚሊ ኤሌክትሮን ቮልት እንኳ የማይሞላ ነገር ስለሆነ የመገጣጠሚያ ገደቡን 10⁻⁹ ሪድበርግ አድርጉ። የኬ ነጥቡን፣ ስሌቱ የሚካሄድበትን የናሙና ነጥቦች ብዛት፣ 6×6×1፣ 9×9×1፣ 12×12×1 እያላችሁ ልዩነቱ መንቀሳቀስ እስኪያቆም ሂዱ። ጄ ላይ 6×6 ይበቃ ይሆናል፤ እዚህ ግን አይበቃም።

መብራቱን በተመለከተ፣ ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ከዴስክቶፕ ይሻላችኋል። ኳንተም ኤስፕሬሶ የሰዓት ገደብ ይቀበላል፤ በባትሪ 90 ደቂቃ የሚቆይ ከሆነ ገደቡን 4,500 ሰከንድ አድርጉት። ገደቡ ሲደርስ ያለበትን ጽፎ በሥርዓት ይቆማል፣ በዳግም ማስጀመሪያው ከዚያው ይቀጥላል። ፋይል እየጻፈ ሳለ ድንገት ከጠፋ ግን የተቀመጠው ፎልደር ይበላሽና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ስለዚህ እያንዳንዱ ዙር በሰላም ሲቆም ፎልደሩን ወደ ሌላ ስም የሚገለብጥ አጭር ስክሪፕት አስገቡ።

ቀወት

ስለ መለኪያው እኔ ልመልስ። ክሮሚየም ትራይአዮዳይድን እርሱት። ቀጭኑ ልጣጭ እርጥበትና ብርሃን ሲያገኘው በደቂቃዎች ውስጥ ይሟሟል፤ ኦክስጅንና ውሃ ከ1 ፒፒኤም በታች የሆነበት ግላቭ ቦክስ፣ መሸፈኛ ቦሮን ናይትራይድ፣ ከዚያም ከ45 ኬልቪን በታች የሚያወርድ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል። ዝግ ዑደት ያለው የሂሊየም ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሂሊየም ባይጠይቅም ኮምፕረሰሩ በርካታ ኪሎዋት ሳይቆራረጥ ይፈልጋል። በ2017 ባለአንድ ንጣፉን ያዩበት ዘዴ፣ የብርሃን ፖላራይዜሽን መዞር፣ የሚለካው 5 ሚሊራዲያን ገደማ ነው፤ እሱም ሞዱሌተርና ሎክኢን ማጉያ ያስፈልገዋል።

ቁሱን በማቀዝቀዣው ልክ ምረጡ። ሰሜን ሸዋ የወተት ከብት አገር ነው፣ የሰው ሠራሽ ማዳቀል ባለሙያዎች የኮርማ አባለ ዘር የሚያስቀምጡት በፈሳሽ ናይትሮጂን ነው። ፈሳሽ ናይትሮጂን አገሩ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ በደብዳቤ ጠይቁ። በባሕር ወለል 77 ኬልቪን ላይ ይፈላል፤ ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ግፊቱ ዝቅ ብሎ 75 ኬልቪን አካባቢ ይሆናል። በነጻ የተገኘ 2 ኬልቪን ነው።

ለ75 ኬልቪን የሚስማማው ክሮሚየም ሰልፈር ብሮማይድ ነው። አየር ላይ ይቆያል፤ በየንጣፉ ውስጥ ፌሮማግኔት፣ በንጣፎች መካከል አንቲፌሮማግኔት ሲሆን የጅምላው የኔል ሙቀት (ከዚያ በላይ የአንቲፌሮማግኔት ሥርዓቱ የሚፈርስበት) 132 ኬልቪን ነው። ክሪስታሉ ረዘም ያለ ስንጥር ይመስላል። ረጅሙ ጎን ኤ አክሲስ ነው፤ ስፒኑ መተኛት የሚወደው ግን በአጭሩ ጎን፣ በቢ ነው። ይህን ካላወቃችሁ መስኩን በተሳሳተ አቅጣጫ ትሰጡና ምንም አታዩም።

አሠራሩ፦ ጥቂት ሚሊሜትር ክሪስታል በትንሽ የመዳብ ቁራጭ ላይ በስስ የሲጋራ ወረቀትና በቫርኒሽ ለጥፉ፣ በብር ማጣበቂያ አራት ቀጭን ሽቦ አያይዙ። ጎኑ ላይ ፒቲ100 የሚባለውን የፕላቲነም ቴርሞሜትር እሰሩ፤ 0 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 100 ኦም፣ ናይትሮጂን ውስጥ 20 ኦም ገደማ ያነባል። ይህን በቀጭን የማይዝግ ቱቦ ጫፍ አድርጋችሁ ከፈሳሹ በላይ ባለው ትነት ውስጥ በደቂቃ 1 ኬልቪን ያህል እያወረዳችሁ መቋቋሙን መዝግቡ። 10 ማይክሮአምፔር ይበቃል፤ የኮረንቲውን አቅጣጫ እየገለበጣችሁ አማካዩን ውሰዱ፣ አለበለዚያ ከሽቦ መጋጠሚያዎቹ የሙቀት ልዩነት የሚመጣው ቮልቴጅ ምልክቱን ይውጠዋል። የመስመሩ አካሄድ የሚቀየርበትን 132 አካባቢ ትፈልጋላችሁ። ከዚያ በታች ማግኔት ስትጨምሩ መቋቋሙ ይወርዳል፤ መስኩ የንጣፎቹን ስፒን ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዞረው ኤሌክትሮኑ ከንጣፍ ወደ ንጣፍ በቀላሉ ያልፋል።

ማግኔቱ ላይ ተጠንቀቁ። ኒዮዲሚየም ከ135 ኬልቪን በታች የውስጡ ማግኔትነት ከአክሲሱ ዘንበል ስለሚል ይዳከማል። ሳማሪየም ኮባልት ይህ ችግር የለበትም። ሁለት ቁራጭ በብረት ፍሬም ውስጥ 8 ሚሊሜትር አራርቃችሁ አስቀምጡ፣ የመካከሉን መስክ በሆል ሴንሰር ለኩ፤ ግማሽ ቴስላ አካባቢ ከሆነ ለቢ አቅጣጫ ይበቃል። መስኩን ማጥፋት ስለማትችሉ ናሙናውን የያዘውን ቱቦ አዙሩት፦ ቢ ከመስኩ ጋር ሲገጥምና ኤ ሲገጥም ያለው ልዩነት ራሱ ውጤት ነው።

በሬሳ ማዶ

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ 191ዱ ልክ እንዳላችሁት ነው፤ የቀመሩ መነሻ ሁለት ሦስተኛ ነበር። ክሪስታሉን ልጠን ቀጭኑንም ብናይ ብለን ነበር። ያለው ማይክሮስኮፕ የባዮሎጂው ነው፤ ይሠራል?

ቀወት

የባዮሎጂው ብርሃን ከታች ነው የሚመጣው፣ የተላጠው ንጣፍ የሚለጠፍበት ሲሊከን ደግሞ ብርሃን አያሳልፍም፤ ጨለማ ብቻ ታያላችሁ። ከላይ የሚያበራ የብረታ ብረት ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል፤ የጂኦሎጂ ወይም የማቴሪያል ክፍሎች ጋር ጠይቁ። 50 እጥፍ ሌንስ ይበቃል።

በግራፋይት ተለማመዱ። 285 ናኖሜትር ኦክሳይድ ያለው ሲሊከን ምረጡ፣ ቀጭኑ ንጣፍ በቀለም የሚለየው በዚህ ውፍረት ላይ ነው። በአሴቶን፣ ቀጥሎ በአይሶፕሮፓኖል እጠቡ። የምትልጡበትን ፕላስተር ከ4 ወይም 5 ጊዜ በላይ አትጠፉት፤ ብዙ ሲታጠፍ ልጣጩ ይደቃል እንጂ አይሳሳም። ሲሊከኑን 100 ዲግሪ ላይ 2 ደቂቃ አሙቁ፣ በተለይ በክረምት፤ ላዩ ላይ የቀረ የውሃ ሽፋን ንጣፉ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ፕላስተሩን በጣት ሳይሆን በላጲስ ተጫኑት፣ ሲቀዘቅዝ በጣም ቀስ ብላችሁ ንቀሉ። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አረንጓዴውን ቻናል ብቻ ከባዶው ሲሊከን ጋር አነጻጽሩ፤ ንጣፍ በጨመረ ቁጥር ልዩነቱ በደረጃ ይጨምራል።

አንኮበር ዳገት

«ጥቅሙስ?» ለሚለው በልክ መልሱ። ሁለት የግራፋይት ስስ ንጣፎች መካከል አራት ንጣፍ ክሮሚየም ትራይአዮዳይድ ሲገባ በማግኔት መስክ የሚመጣው የመቋቋም ለውጥ በ2018 እስከ 19,000 በመቶ ደርሶ ተለክቷል። ንጣፎቹ ተቃራኒ ሲሆኑ እያንዳንዱ የሌላውን ስፒን ስለሚዘጋ ነው። በዚያው ዓመት ባለሁለት ንጣፉን በቮልቴጅ ብቻ ከአንቲፌሮማግኔት ወደ ፌሮማግኔት ማዞር ተችሏል፤ ለማህደረ ትውስታ የሚያጓጓው ይህ ነው፣ ትንሽ ኮረንቲ ማለት ነውና። ይሁንና ሁሉም በብርቱ ቅዝቃዜ ነው። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ማግኔታዊ ሜሞሪ 1 ናኖሜትር ገደማ በሆነ የኮባልት፣ ብረትና ቦሮን ፊልም በክፍል ሙቀት ይሠራል፣ በትልልቅ ዋፈር ላይም ይመረታል። በፕላስተር የተላጠ ማይክሮሜትር ቁራጭ ያንን አይተካም፤ ምዕራፋችሁ «በቅርቡ ይተካል» ካለ ፈታኙ ይይዛችኋል።

ቀወት

በዚህ ትንሽ እለያለሁ። ብረት፣ ጋሊየምና ቴሉሪየም በ3፣ 1፣ 2 ጥምርታ የሚሠሩት ክሪስታል በ2022 ይፋ ሆኗል፤ የኪዩሪ ሙቀቱ 350 ኬልቪን ድረስና ከዚያም በላይ ይሄዳል፣ ማግኔትነቱም ከንጣፉ ቀጥ ያለ ነው። ያለ ማቀዝቀዣ የሚሠራ የቀጭን ማግኔት መሣሪያ ከዚያ ወዲህ በተደጋጋሚ ታይቷል።

አንኮበር ዳገት

እሱ ልክ ነው፣ ሙቀቱን ፈቷል። ያልፈታው ስፋቱን ነው፦ ወጥ የሆነ ባለጥቂት ንጣፍ በሙሉ ዋፈር ላይ ማሳደግ፣ ሲሠራም ኦክሳይድ እንዳይበላው መጠበቅ። በተጨማሪም እየሳሳ ሲሄድ የኪዩሪ ሙቀቱ ይወርዳል፤ በታላቅ ወንድሙ፣ ጋሊየሙ በጀርማኒየም በተተካበት ቁስ፣ ጅምላው 220 ኬልቪን ገደማ ሲሆን ባለአንድ ንጣፉ 130 አካባቢ ነው። ጥናታችሁን ለዚህ ማዋል ትችላላችሁ፦ ተመሳሳዩን ስሌት ለአንድ፣ ለሁለትና ለሦስት ንጣፍ አድርጋችሁ የኪዩሪ ሙቀቱ በየት ፍጥነት እንደሚወርድ። ብረቱ ብረታዊ አስተላላፊ ስለሆነ ግን የቅርብ ጎረቤት ብቻ አይበቃውም፣ የኬ ነጥቡም ከክሮሚየሙ በጣም ይበዛል፤ በሁለቱ ላፕቶፖች ከአንድ ንጣፍ በላይ አትሞክሩ፤ ሁለቱና ሦስቱ ንጣፍ ትልቅ ኮምፒውተር ስታገኙ ይሁን።

የጣርማበር ጉም

ናይትሮጂኑን ለምታመጡ አንድ ማሳሰቢያ። 1 ሊትር ፈሳሽ በባሕር ወለል 700 ሊትር ያህል ጋዝ ይሆናል፤ ደብረ ብርሃን ላይ ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ወደ 950 ሊትር ይጠጋል። ሽታ የለውም፣ ኦክስጅኑን ገፍቶ ሰው ሳያስጠነቅቅ ይጥላል። ታንኩን በሚኒባስ ወይም በተዘጋ መኪና አትጫኑት፤ ፒክአፕ ጀርባ ላይ ቀጥ ብሎ ታስሮ ይምጣ። ክዳኑ የላላ መሆኑ ሆን ተብሎ ነው፣ በፕላስተር እንዳትዘጉት። ላብራቶሪው ብርዱ ቢያንገፈግፍም መስኮቱ ክፍት ይሁን። ናሙናውን ስታወጡት ደግሞ ሲሊካ ጄል ባለበት ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ እስኪሞቅ ጠብቁ፤ በክረምት ጉም ውስጥ ቀዝቃዛውን በቀጥታ ካወጣችሁት ውሃው ብር ማጣበቂያው ላይ ይጤዝና አንዱ ሽቦ ይላቀቃል።